ወንዝ የከበበው አገርና መንገዶቹ፦ የጎጃም ካርታ ታሪክ

ጎጃም ከሰሜን በጣና ሐይቅ፣ ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ደግሞ ከሐይቁ ወጥቶ አገሩን በሚዞረው የዓባይ ወንዝ የተከበበ በመሆኑ፣ ስለ ኢትዮጵያ የጻፉ የውጭ ሰዎች ደሴት ለመሆን ጥቂት የቀረው ባሕረ ገብ መሬት እያሉ ሲገልጹት ኖረዋል። ይህ አቀማመጥ የአገሩን የካርታ ታሪክ አስቀድሞ ወስኖታል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ካርታ የሚያስነሣው ወገን ዘወትር የሚፈልገው ውሃውን ስለነበር፣ ወንዙ በወረቀት ላይ ቅርጹን ከያዘ ከረጅም ዘመን በኋላ እንኳ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ከጅጋ ወደ ቋሪት የሚወስደው መንገድ ጨርሶ አይታይም፣ ቢታይም በግምት የተሰመረ ነበር። ዛሬ ማንኛውም ሰው ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሊያርመው የሚችለው የቬክተር ካርታ፣ ማለትም አገሩን በነጥብ፣ በመስመርና በዝግ ቅርጽ የሚመዘግበው ካርታ፣ ከዚያ ረጅም ሂደት የተገኘ ነው። በዚህ ትረካ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

የጎጃም ወንዝ በአውሮፓ ካርታ ላይ በመልኩ መታየት የጀመረው በኢትዮጵያውያን አማካይነት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴ ትልቁን የዓለም ካርታውን በሚያዘጋጅበት ጊዜ፣ ስለ ኢትዮጵያ ያሰፈረውን ከአገሩ ከመጡ ካህናት እንዳገኘና እነርሱም አውራጃዎችንና ወንዞችን በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፏል፤ ዓባይና አዋሽም በስማቸው ተጠቅሰው ይገኛሉ። ከ60 ዓመታት በኋላ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ሌላ የቬኒስ ሰው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ የጉዞ መስመሮችን መዝግቧል። በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ርቀት የሚለካው በቀን መንገድ ነው። የቀን መንገድ እንደ ወቅቱ፣ እንደ ዳገቱና እንደ ጭነቱ ስለሚለያይ ለካርታ ሠሪ የሚያስቸግር መለኪያ ቢሆንም፣ ለመንገደኛው ግን ከማንኛውም መለኪያ ይልቅ እውነተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ካርታዎች ርቀቱን በትክክል እየለኩ በሄዱ ቁጥር መንገዱ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ መናገሩን እየተዉ መሄዳቸው አንዱ ጉድለታቸው ነው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ጎጃም በገቡ ጊዜ የመለኪያ መሣሪያ ከሰዎች ቃል ጋር ተገናኘ። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ሰከላ ላይ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አየ፤ እ.ኤ.አ. ከ1624 ጀምሮ በኢትዮጵያ የቆየው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ደግሞ በአስትሮላብ፣ ማለትም የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ በሚለካ ክብ የነሐስ መሣሪያ፣ የቦታዎችን ኬክሮስ እየወሰደ ካርታ ሠራ። ካርታው ባልታሳር ቴሌስ እ.ኤ.አ. በ1660 ኮይምብራ ላይ ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ወጣ። ዓባይ ከግሽ ተነሥቶ ጣናን አቋርጦ ጎጃምን ሲከብ በግልጽ የሚታየው በዚህ ካርታ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍም ይህንኑ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1683 የራሱን ካርታ ሲያወጣ፣ የቦታ ስሞችን ያቃናው እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ድረስ ተጉዘው ቋንቋውንና አገሩን ካስተማሩት ከአባ ጎርጎርዮስ ባገኘው ዕውቀት ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ካርታው ሳይታተም እ.ኤ.አ. በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። በካርታው ላይ የወጣው የሉዶልፍ ስም ቢሆንም፣ ስሙን ከቦታው ጋር ያገናኘው የአማራ ሳይንት አካባቢ ካህን ዕውቀት መሆኑ መረሳት የለበትም።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ሲደርስ ከቀደሙት የተሻለ መሣሪያ ይዞ ስለነበር የምንጩን ኬክሮስ ከ11 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ አገኘው፤ ይህም ዛሬ ከሚታወቀው ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። ችግሩ ኬንትሮስ ላይ ነበር። ኬክሮስ አንድ ቦታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወይም በስተደቡብ ያለውን ርቀት የሚያመለክት በመሆኑ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ በቀጥታ ይገኛል፤ ኬንትሮስ ግን የምሥራቅና የምዕራብ ርቀት ስለሆነ፣ ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ከመዞሯ የተነሣ፣ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት በትክክል ማወቅን ይጠይቃል። በጎጃም ኬክሮስ ላይ የአንድ ደቂቃ የሰዓት ስሕተት ቦታውን 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛውረዋል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በአንድ ኬክሮስ ላይ፣ በ10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ገደማ፣ የሚገኙ ሲሆኑ በቀጥታ መስመር በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የብሩስ ዘመን ተጓዥ ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ቢዛባበት አንዱን ከተማ በሌላው ቦታ፣ እንዲያውም አልፎ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር።

በ1830ዎቹ እና በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ጎጃምን ሲመረምሩ፣ የመንገድ ዕውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ወደ ካርታ ገባ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ በጎጃምና በዳሞት እየተዘዋወረ፣ በተለይም ከዓባይ ማዶ ከእናርያ የሚመጡ ነጋዴዎች በሚገናኙበት በባሶ ገበያ አጠገብ ተቀምጦ፣ የሲራራ ነጋዴዎችን መስመርና ማረፊያ እየጠየቀ ጻፈ። ለዚህም ሥራው የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1845 የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሞታል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በበኩሉ፣ ወንድሙ አርኖ በጎጃም ገዥ በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ በነበረበት ዘመን፣ ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ተሸክሞ ከተራራ ተራራ እየወጣ በዐይን የሚታየውን ጫፍ ሁሉ አቅጣጫ ይወስድ ነበር፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 በጥራዝ አሳትሟል። የዳባዲ መረብ ተራሮችን በቦታቸው አስቀመጠ፣ የቢክ መዝገብ ደግሞ በተራሮቹ መካከል ነጋዴ የሚያልፍበትን አመለከተ። ሁለቱ ሰዎች ተደጋግፈው ቢሠሩ ለአገሩ ካርታ ምንኛ በበጀ ነበር፤ ነገር ግን ቢክ ዳባዲ ከፋ ሄድኩ ማለቱ ሐሰት ነው ብሎ በአደባባይ ከሰሰው፣ ከፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ያገኘውንም ሜዳሊያ በዚሁ ምክንያት መለሰ። የኋላ ዘመን መለኪያዎች የዳባዲን ሥራ በአብዛኛው ደግፈውታል።

የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካርታ ደግሞ በግልጽ የውሃ ፖለቲካ ልጅ ነው። ዐፄ ምኒልክና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈራረሙት ውል፣ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለ ብሪታንያና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ስለገባ፣ ግብፅንና ሱዳንን የያዙት ሹማምንት የጣናን ጥልቀትና የመውጫውን ቅርጽ ማወቅ ፈለጉ። ዱፕዊ የተባለ መሐንዲስ ወዲያው ተላከ፤ ግራብሃምና ብላክ እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ያደረጉት ጥናትም በካይሮ ታተመ። ከሁሉ ይልቅ የገፋበት ግን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ሮበርት ቺስማን ነው። ቺስማን በበቅሎና በእግር የዓባይን ሸለቆ ዳር ተከትሎ ጎጃምን በመዞር፣ እስከ ዘመኑ ድረስ በነጠብጣብ መስመር በግምት ይሣል የነበረውን የወንዙን ጉዞ አስተካከለ፤ ቀጥሎም የጣናን ዳርቻና ደሴቶች በታንኳ እየዞረ መረመረ። «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጣ።

የጣና ደሴቶች በተለምዶ 37 እንደሆኑ ይነገራል። ለካርታ ሠሪ ግን ይህ ቁጥር እንደ ሐይቁ ከፍታ የሚለዋወጥ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር የሚገናኝ፣ ሲሞላ ደግሞ ተለይቶ የሚቀር መሬት በየዳርቻው አለ። ከሁሉ የሚሰፋው ደቅ ደሴት ሰው የሚያርሰው፣ ገበሬና ካህን ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ሲሆን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ከዚያው ይገኛል፤ በአጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን የሚጠበቅበት ገዳም ነው። ቺስማን ደሴቶቹን አንድ በአንድ እየጎበኘ የገዳማቱን ስምና የያዙትን ቅርስ መመዝገቡ፣ ከቆንስል ሥራው ያለፈ ጥቅም ሰጥቷል። ሆኖም ደቅ ላይ ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ማሳ የሚወስዱት የእግር መንገዶች በእርሱም ዘመን የካርታ ጉዳይ አልሆኑም።

ጣሊያን በ1928 ጎጃምን ሲይዝ የመኪና መንገድ የካርታው ዋና ነገር ሆነ። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰውን መስመር ለጦር መኪና እንዲመች አድርጎ ሠራ፤ ምሽጎቹንም በዚያው መስመር ላይ ደረደረ። ለሽርሽር የተዘጋጀ የአገሩ ካርታም የመጣው ከዚያው ዘመን ነው፤ የጣሊያን ቱሪስት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ሚላኖ ላይ ባሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ መጽሐፍ ውስጥ መንገዶች፣ ርቀቶችና የከተማ ፕላኖች ለጎብኚ ተብለው ተዘጋጁ። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ጎጃም በሙሉ በዐመፅ ላይ ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም አርበኞች ከመንገዱ ውጭ ያለውን አገር ይዘውት ስለነበር፣ የጣሊያን ጦር ከዋናው መስመር ፈቀቅ ሲል ካርታው አይጠቅመውም፤ ቆላውና ሸንተረሩ፣ የወንዙ መሻገሪያና የገበያው ቀን በአርበኛው እንጂ በካርታው አይታወቅም ነበር። መምሪያ መጽሐፉ ይህን አልጻፈም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲመጡ፣ ከፊታቸው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ነበር። ለዚህ ዘመቻ ካርቱም ላይ የመረጃውን ክፍል የያዘው ያው ቺስማን መሆኑ የሚገርም አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ጎጃምን በእግሩ የሚያውቅ እንግሊዛዊ ከእርሱ የተሻለ አይገኝም። ያም ሆኖ በበረሃው ግመሎቹ በሺዎች ሲያልቁ፣ በደጋውም ጦሩ በሌሊት ሲጓዝ፣ መንገድ የሚያሳየው የአገሬው መሪ ነበር። ጣሊያኖች እንጅባራን ለቅቀው ሄዱ፤ ከጥቂት ቀናት ውጊያ በኋላም የካቲት 25 ቀን ቡሬን ትተው ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በቡሬና በደምበጫ መካከል ያለችው ወጀት የተባለችው ቦታም ከዚሁ ዘመን ወዲህ ንጉሠ ነገሥቱ እንዳወጡላት በሚነገረው ስም ፍኖተ ሰላም ተብላለች።

ከነጻነት በኋላ መንገዱንና ካርታውን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ወደፊት ገፏቸው። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በአፍሪካ የመጀመሪያ ከሆኑት ብድሮቹ አንዱን ለኢትዮጵያ መንገዶች ሲሰጥ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከአዲስ አበባ በሸፋርታክ ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድም ከዋናዎቹ መስመሮች አንዱ ሆነ። ሁለተኛው ጉዳይ እንደገና ዓባይ ነው። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ለመሥራት ስትነሣ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ከአሜሪካ ጋር ተስማምታ የዓባይን ተፋሰስ ማስጠናት ጀመረች፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1964 በ17 ጥራዞች ተጠናቀቀ። ግድብ የሚሠራበትን ቦታ ለማወቅ ከፍታን በሜትር መለካት ስለሚያስፈልግ፣ የአሜሪካ ቀያሾች ጎጃምን በሦስት ማዕዘን መረብ ሸፈኑት፤ በተራሮች ጫፍ ላይ የተተከሉት የኮንክሪት ምልክቶች ከዚያ የመጡ ናቸው።

የመረቡ መነሻ የሚገኘው ግን ከጎጃም ርቆ አዲንዳን በተባለች የኑብያ መንደር አጠገብ ነበር። ማንኛውም ካርታ የምድርን ክብነት በሒሳብ ቅርጽ ተክቶ ከአንድ የታወቀ ነጥብ መቁጠር ይጀምራል፤ ይህ የቅርጽና የመነሻ ነጥብ ስምምነት ዳተም ይባላል፣ ኢትዮጵያም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተጠቀመችው በአዲንዳን ዳተም ነው። መንደሪቱ በኋላ የአስዋን ግድብ ያቆመው ውሃ ዋጣት፤ በዓባይ ውሃ ክርክር የተነሣ የተለካው አገር መነሻ ነጥቡ ያለበት ስፍራ በዚያው ውሃ ተጥለቀለቀ ማለት ነው። ይህ ጉዳይ ለዛሬ ካርታ አራሚ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲንዳን የተጻፈን ቁጥር ሳይለውጥ ዛሬ ሳተላይት በሚጠቀምበት ዳተም ላይ የሚያስገባ ሰው ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፍበታል፤ የፍኖተ ሰላም አስፋልትም ከሱቆቹ በስተጀርባ በሰው ጓሮ ሲያልፍ ያገኘዋል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተወሰዱት የአየር ፎቶግራፎች፣ ተጎራባች ፎቶዎች በከፊል ተደራርበው ስለሚነሡ፣ በልዩ መሣሪያ ሲታዩ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ያሳያሉ። የካርታና ጂኦግራፊ መሥሪያ ቤቱ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ በየጊዜው ያወጣቸው የአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታዎች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አንዱ ወረቀት 15 የኬክሮስና 15 የኬንትሮስ ደቂቃ፣ ማለትም በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ያህል አገር ይይዛል፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እነዚህ ካርታዎች ጅረቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ባሕር ዛፉን፣ የእግር መንገዱን ሳይቀር በመያዛቸው እስከ ዛሬ የሚወዳደራቸው የወረቀት ሥራ የለም። ነገር ግን የወረቀት ጠርዝ የሚባል ችግር አለባቸው። በ37 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ላይ የሚያልፈው የኬንትሮስ መስመር ከፍኖተ ሰላም ጥቂት በስተምዕራብ ስለሚወድቅ፣ ከቡሬ ተነሥቶ በመንኩሳ የሚመጣው መንገድ ከተማው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወረቀቱ ያልቃል፣ ከተማውም በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ይገኛል። የገጠሩ ቀያሽ ሁለቱን ወረቀት በፕላስተር አጣብቆ መሄዱ የተለመደ ነበር። ከዚህም በላይ አዲስ መንገድ ሲከፈት ወረቀቱን ማረም ማለት እንደገና ማተም በመሆኑ፣ ካርታው ከአገሩ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት አትላስና በደርግ ዘመን የታተመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ አትላስ አጠቃላዩን መልክ ለተማሪ ቢያሳዩም፣ የቀበሌ መንገድ ለማሳየት የተዘጋጁ አልነበሩም።

ለውጡ የመጣው ከሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 አንዲት የጠፈር መንኩራኩር በ11 ቀናት ውስጥ አብዛኛውን የየብስ ገጽ በራዳር ለካች፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አሜሪካ ለሲቪል የጂፒኤስ ተጠቃሚ ሆን ብላ ታስገባ የነበረውን ስሕተት በማንሣቷ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ቦታን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ማወቅ ቻለ። ቢክና ዳባዲ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ጉዳይ የባትሪ ድንጋይ ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለውን፣ ማንም የሚጽፍበትንና ማንም የሚወስደውን የዓለም ካርታ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የማይክሮሶፍት ኩባንያ የሳተላይት ሥዕሎቹን ለዚህ ሥራ በመፍቀዱ፣ ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር የሚታየውን መንገድ ተከትሎ ማስመር ቻለ።

የሳተላይት ሥዕል ራሱ ራስተር ይባላል፤ በጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች የተሞላ ምስል እንጂ መንገድ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ቬክተሩ የሚወለደው አንድ ሰው በምስሉ ላይ ነጥብ በነጥብ እየነካ ሲሄድ ነው። ነጥቡ የሚይዘው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፤ ነጥቦቹ በቅደም ተከተል ሲያያዙ መስመር፣ መስመሩ ዞሮ መነሻው ላይ ሲገጥም ዝግ ቅርጽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር፣ ዝግ ቅርጹ ደሴት ነው ወይስ ማሳ የሚለው በጽሑፍ ይታከልበታል። የቡሬ መገንጠያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በከተማዋ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከነቀምት የሚመጡ ሦስት መንገዶች ይገናኛሉ፤ በስክሪን ላይ መስመሮቹ ተነካክተው ስለታዩ ብቻ ግን ተገናኙ ማለት አይደለም። ሦስቱም አንድን ነጥብ በጋራ ካልተጠቀሙ፣ መንገድ የሚፈልገው ፕሮግራም የነቀምቱን መንገድ ከቡሬ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ይቆጥረዋል፣ ቡሬ ያለውንም ሾፌር በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ወለጋ እንዲገባ ይመራዋል። ስሕተቱን የሚያስተካክለው አራሚ ነጥቡን በማውስ ጎትቶ በሌላው ላይ ያጣብቀዋል፤ በወረቀት ዘመን አዲስ ኅትመት የሚጠይቀው ሥራ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ደቅ ደሴትም በዚህ አሠራር ዝግ ቅርጽ ሆነ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌና በደቅ አድርጎ ጎርጎራ የሚደርሰው የመርከብ መስመር እንደ መንገድ ተቆጥሮ በሐይቁ ላይ ይሰመራል፤ በደሴቱ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎችም የእግር መንገድ ተብለው መግባት ጀመሩ። ለጎብኚ የሚታተመው ካርታና ለጤና ጣቢያ የሚያስፈልገው ካርታ ከዚያው መዝገብ የሚወጡ ሁለት ንብርብሮች ናቸው፤ አንዱ ገዳሙንና ወደቡን፣ ሌላው መንደሩንና የውሃ ነጥቡን ያሳያል። የሐይቁ ዳርቻ ግን አሁንም የሚያከራክር ነው፤ ከባሕር ዳር አጠገብ ጨረጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የውሃውን ከፍታ ሲለዋውጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ ጀልባ እስኪቸገር ድረስ በመጉደሉ፣ በየትኛው ወር የተነሣው ሥዕል እንደተሰመረ ካልታወቀ የደሴቱ ስፋት ራሱ አከራካሪ ይሆናል።

ሁለተኛው የቬክተር ጎርፍ ከመሬት ይዞታ የመጣ ነው። የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 46/1992 የገጠር መሬትን መመዝገብ ሲጀምር ማሳ የሚለካው በገመድ ነበር፤ ለገበሬው የተሰጠው ደብተርም የማሳውን አዋሳኞች በስም ይጠቅሳል እንጂ ቅርጹን አያሳይም። ከ2006 ዓ.ም. በኋላ በተስፋፋው የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ግን ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት ተነሥቶ ዝንፈቱ የታረመ ፎቶግራፍ ታትሞ ወደ ቀበሌው ይወጣል፤ ባለይዞታው፣ ጎረቤቶቹና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ባሉበት ድንበሩ በእስክሪብቶ ይሰመራል፤ ቀጥሎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኮምፒዩተር ይገባል፣ ለሕዝብ ተለጥፎ ቅሬታ ከተሰማበት በኋላም ይጸድቃል። ፎቶው ላይ ድንበሩን የሚያውቀው ማሳውን የሚያርሰው ሰው ስለሆነ፣ በጎጃም የካርታ ታሪክ ውስጥ ገበሬው ለተጠየቀው መልስ ሰጪ ብቻ ከመሆን አልፎ የካርታው ባለቤት ሆኖ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ የገባው በዚህ ምዝገባ ነው ማለት ይቻላል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የተከፈቱት ጠጠር መንገዶችም በዚያው ዘመን ወደ ካርታው ገቡ፤ የበጋ መንገዱ ከክረምት ከበጋው ሳይለይ የተሰመረበት ቦታ ግን ብዙ ነው፣ ሐምሌ ላይ ይህን የሚያምን ሾፌር ጭቃ ውስጥ ያድራል።

በቅርብ ዓመታት ማሽን ራሱ መንገድ ማስመር ጀምሯል። የፌስቡክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለካርታ አራሚዎች ያቀረበው መሣሪያ ከሳተላይት ሥዕል መንገድ መሳይ ነገር እየለየ በረቂቅ ያሳያል፤ ሰው አይቶ ካላጸደቀው አይገባም። በምዕራብ ጎጃም ይህ ጥንቃቄ ትርፍ አይደለም፤ የደረቀ ጅረት፣ በባሕር ዛፍ ረድፍ መካከል ያለ ክፍት ቦታ ወይም የእርከን ጠርዝ ከላይ ሲታይ መንገድ ይመስላል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገዶች በተደጋጋሚ እየተዘጉ ሲከፈቱ፣ ካርታው የሚመዘግበው መንገድ መኖሩን እንጂ በዕለቱ ማለፍ መቻሉን ስላልሆነ፣ መንገደኛው ቀድሞ እንደሚያደርገው ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። የአስተዳደር ወሰኑም እየተለወጠ ነው፤ ከምዕራብ ጎጃም ሰሜናዊ ወረዳዎች ተከፍለው ሰሜን ጎጃም ዞን ሲቋቋም የዞኑን ዝግ ቅርጽ ለሁለት መክፈልና ወረዳዎቹን ወደ አዲሱ ማዛወር አስፈልጓል፤ ከተሞቹና ዋና መንገዶቹ ስማቸውን በአማርኛም በላቲንም ይዘው ሲገኙ፣ ወደ ገጠር የሚዘልቁት ከእነርሱ የሚገነጠሉ መስመሮች ግን አሁንም በብዛት ስም ያልተጻፈባቸው ናቸው።